በመታጠፊያው ላይ የበቀለው ቁጥቋጦ

ቲቸር ፈሪ የምትባል ሴት አልነበረችም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሥዕል አስተምራለች፤ በአንድ ክፍል ስልሳ ተማሪ፣ ስልሳ እርሳስ፣ ስልሳ አፍ። «ይህን ያለፈ ሰው ከዚህ በኋላ ምን ያስፈራዋል» ትል ነበር። ጡረታ ከወጣች ወዲህ በስሟ የሚጠራት ጠፍቶ፣ ጎረቤቱም፣ ባለ ሱቁም፣ የገዛ ወንድሟም ሳይቀር «ቲቸር» ነው የሚላት።

ድሮ በዘይት ቀለም ነበር የምትሥለው። ሽታው ደረቷን እያፈነ ሲያስላት ግን የሰፈሩ ክሊኒክ ሐኪም «ወይ ቀለሙን ይተዉ፣ ወይ መተንፈሱን ይተዉ» ብሎ ቁርጡን ነገራት። ወደ አክሪሊክ ዞረች። አክሪሊክ በውሃ ይበጠበጣል፣ አይሸትም፤ ጠባዩ ግን ችኩል ነው። የዘይት ቀለም ሳምንት ይታገሣል፤ አክሪሊክ ላብን ጠርጎ እስኪመለሱ ደርቆ ይጠብቃል። መጀመሪያ ተጣሉ፣ ኋላ ተላመዱ።

ያው ሐኪም አንድ ቀን ጠራትና፣ «ቲቸር፣ ተራ መጠበቂያው ክፍል ውስጥ የተሰቀለው የአንጀት ሥዕል ነው። በሽተኛው ሁለት ሰዓት ሙሉ እሱን ሲያይ ቆይቶ፣ በጉንፋን የመጣው ሁሉ ሆዴን እያለ ይገባል። አንድ የገጠር አገር ይሥሩልኝ። ተራራ፣ ውሃ፣ አረንጓዴ ነገር። የሚያም ነገር እንዳይኖርበት» አላት።

የቱን አገር እንደምትሥል ወዲያው ነው የታወቃት። ታናሽ ወንድሟ ከከተማው በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት በሚያስኬድ መንደር የእህል ወፍጮ አለው። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለውን ሸንተረር ሲወጡ ሸለቆው እንዳለ ይታያል። ወንዙ እንደ ክንድ ይታጠፋል፤ ግራና ቀኙ እርሻ፤ ማዶ ደግሞ ተራራ፣ ጎኑን ድንጋይ የሚፈለጥበት ካባ የበላው ተራራ። ሜትር ከሃያ የሆነ ሸራዋን በላስቲክ ጠቅልላ፣ ቀለሟን በአሮጌ የመምህር ቦርሳዋ ይዛ፣ እሁድ ወንድሟ ቤት ገባች።

ወንድሟ ከወፍጮው ድምፅ ብዛት ጆሮው የደከመ፣ ስለዚህም ሁልጊዜ እየጮኸ የሚያወራ ሰው ነው። ሚስቱ ደግሞ ዝምተኛ ናት፤ እሱ በአሥር ቃል ያላለውን እሷ በአንዲት ቅንድብ ትጨርሰዋለች። ማክሰኞ ምሳ ላይ ወንድሟ፣

«ቀያሹ እኮ ጠፋ!» አለ፣ አጠገቡ ለተቀመጠችው እህቱ ማዶ ላለ ሰው እንደሚጮህ። ቀያሹ ካባው ድንበሩን አልፎ የሰው እርሻ ውስጥ ምን ያህል እንደገባ ሊለካ ከከተማ የተላከ ባለሙያ ነበር። «ባለፈው ሐሙስ ብርቱካንማ ሰደሪያውን ለብሶ በደጄ አለፈ፤ ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። ከተሜ አይደል፣ ሰልችቶት ሄዶ ይሆናላ!»

«ዕቃውን ጥሎ?» አለች ሚስቱ። ሦስት እግር ያለው የመለኪያ ማቆሚያ አሁንም ወፍጮ ቤቱ በር ኋላ ተደግፎ ነበር። «የሰውየው ሚስት ትናንት መጥታ ቤት ለቤት ስትጠይቅ ዋለች። ሰልችቶት የሄደ ሰው መጀመሪያ ሚስቱ ጋ ነው የሚሄደው።»

«ሁሉም አይደለም!» አለ ባል፤ በዚያው ሳቁ፣ ነገሩም አለፈ።

ቲቸር ሰኞ ሰማዩን፣ ማክሰኞ ተራራውን ጨርሳለች። ካባውን ሆን ብላ ዘለለችው፤ የተራራው ቁስል ነዋ፣ ሐኪሙ የሚያም ነገር አይኑር ብሏል። ረቡዕ ጠዋት ወንዙንና እርሻውን ያዘች። ቀለሙ እንዳይደርቅባት በባልዲ ክዳን ላይ እርጥብ ጨርቅ አንጥፋ፣ በላዩ ቢጫና ሰማያዊ እያደባለቀች፣ የአረንጓዴውን ጩኸት ለማብረድ ጫፍ ታህል ቀይ ጠብ እያደረገችበት ነበር። ነፋሱ ለስላሳ ነው። እረፋዱ ላይ እርሻው አለቀና አንድ ነገር ብቻ ጎደለው፤ ሰው። «ሰው የሌለበት አገር ባዶ ሳህን ነው» ትላቸው ነበር ተማሪዎቿን።

ይህን እያሰበች ሳለ አንድ ነጭ ፒካፕ ከካባው መንገድ ተገንጥሎ ወደ ወንዙ መታጠፊያ ወረደ። ሦስት ሰዎች ወረዱ። «እሰይ፣ ተላኩልኝ» አለች። ቀጭኗን ብሩሽ አነሣች። መኪናዋን በነጭ ሁለት ጊዜ ጫር ጫር፤ ከጎኗ የቆመውን ባለ ቀይ ኮፍያ ሰው በሦስት ጭረት፤ ጎንበስ ብለው አካፋ የያዙትን ሁለቱን እንዲሁ። ከሩቅ ሲታዩ አሸዋ የሚጭኑ ይመስላሉ። ጭነታቸውን ለመሣል ቀና አለች።

ሁለቱ አካፋቸውን ጥለው ከመኪናው ኋላ በሰማያዊ ላስቲክ የተጠቀለለ ረጅም ነገር እያወረዱ ነበር። አንዱ በዚህ ጫፍ፣ አንዱ በዚያ ጫፍ ይዞታል። መሐሉ ላይ ሰመጠ። እንጨት እንዲህ አይሰምጥም፤ ጆንያም እንዲህ አይሰምጥም። ወደ ቆፈሩት ጉድጓድ ለቀቁት። ባለ ቀይ ኮፍያው ወደ መኪናው ተመልሶ አንድ ጨርቅ መሰል ነገር አወጣና ከላይ ወረወረው። ብርቱካንማ ነበር።

የቲቸር እጅ አየር ላይ ቀረ። ይሄንን በቀን የሚያደርጉት አብደው ነው ወይ ብላ አሰበች፤ ወዲያው ግን መልሱ መጣላት። በሌሊት መብራት ይታያል። በቀን ድንጋይ የሚያመላልስ ፒካፕን ማን ልብ ይለዋል? መታጠፊያው ደግሞ ከየትኛውም ቤት አይታይም። የሚታየው ከዚህ ሸንተረር ብቻ ነው፣ እዚህ ሸንተረር ላይ ደግሞ ማንም አይወጣም።

ባለ ቀይ ኮፍያው ቀና አለ። እጁን ግንባሩ ላይ ጋረደ። የሷ ሸራ በር ያህላል፤ በፀሐይ ላይ በርቶ መታየቱ አይቀርም። ረጅም ጊዜ አየ። ለሁለቱ አንድ ነገር ተናገረና አቀበቱን ያዘ።

ልትሮጥ አሰበች። በየትኛው ጉልበት? ደግሞ የሮጠ አየሁ ማለቱ ነው። ሸራውን ገደል ብትከተውስ? ሲሄድ ያገኘዋል። ሰውየው እስኪደርስ ሩብ ሰዓት ቢሆነው ነው። ሦስቱ ሰዎችና መኪናዋ እሥዕሉ ላይ ቁልጭ ብለው ቆመዋል፤ እንኳን እሱ፣ የአንደኛ ክፍል ልጅ ይለያቸዋል።

ብሩሿን በአረንጓዴ ነከረችና ባለ ቀይ ኮፍያው ላይ ሳበችው። ቀዩ ገና አልደረቀም ነበር። በብሩሹ ተጎትቶ አረንጓዴው ውስጥ እንደ ደም ቀጠነ። «ወይኔ!» አለች ድምፅ አውጥታ። ይኼ ዕድሜ ልኩን የሚቸኩልባት ቀለም ዛሬ አልቸኩልም አለ። የነጠላዋን ጫፍ ይዛ ታራግብ ጀመር፤ ትንፋሿ እስኪያልቅ እፍ አለች፤ አንዴ አቀበቱን፣ አንዴ ሸራውን ታያለች። ቀይ ኮፍያው ከድንጋዮቹ መሐል ብቅ ይላል፣ ይጠፋል፣ ብቅ ሲል ቀርቧል። በጣቷ ነካ አደረገችው፤ ያዘ። አረንጓዴውን ሳታቀጥን እንዳለ ከቱቦው ጨመቀችና በማንኪያ ጀርባ እንደሚለጠፍ ጭቃ ለጠፈችው። በላዩ ጥቁር ሰማያዊ፣ በላዩ ትንሽ ቢጫ። ቁጥቋጦ ሆነ። ብሩሽ የምታጥብበት ውሃ ቀልቶ ስታየው አንሥታ ደፋችው።

«እንደምን ዋሉ እናቴ» አለ ሰውየው ከኋላዋ።

ዞረች። አርባ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ደንዳና፣ ሸሚዙ የተተኮሰ። ኮፍያውን አውልቆ ያራግብበታል። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፤ ፈገግታው ግን ሙሉ ነው። ጥፍሮቹ ሥር እርጥብ አፈር ነበር።

«እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። አረፍ በል፣ አቀበቱ አይጣል ነው።»

«ምን እየሠሩ ነው?»

«ጡረተኛ ምን ይሠራል? ቀለም አባክናለሁ።»

አልሳቀም። ወደ ሸራው ተጠጋ። ሸለቆውን አየ፣ ሥዕሉን አየ፣ እንደገና ሸለቆውን አየ። ከዚያ ጣቱን ዘረጋ።

«እዚህ ጋ ቁጥቋጦ የለም።»

«የለም» አለች። «ባዶ ሆነብኝና ተከልኩበት። ሥዕል ፎቶ አይደለም፤ ዐይን የሚያርፍበት ይፈልጋል። ማዶ ያለውንስ ካባ አላየህም? እሱንም አጥፍቼዋለሁ።»

ሰውየው ተራራውን ፈልጎ አየና ድንገት ከት ብሎ ሳቀ። «ካባውን! እኔ እኮ የካባው ፎርማን ነኝ። ከሥራ አስወጡኝ በሉኛ!»

እሷም ሳቀች። ሳቋ ለራሷ እንደ ተሰበረ ብርጭቆ ተሰማት። እሱ ግን ሳቁን ሳይጨርስ ቁጥቋጦው ላይ ጣቱን ጫን አደረገ። አረንጓዴው ከጣቱ ጋር ተነሣ።

«አልደረቀም» አለ ጣቶቹን እያሻሸ። «አሁን ነው የሠሩት ማለት ነው።»

ጣቱ ያጎደጎደው ቦታ ላይ የመርፌ ጭንቅላት የምታህል ነጭ ነጥብ ብቅ ብላ ነበር። የፒካፑ ጣሪያ። እሱ ገና ጣቱን ነው የሚያየው። ቲቸር ምን እንደምታደርግ አላሰበችም፤ ከአፏ የወጣው ለሠላሳ አንድ ዓመት በየቀኑ ሲወጣ የኖረው ድምፅ ነው።

«እጅህን ሰብስብ! ሥዕል በዐይን ነው የሚታየው፣ በጣት አይደለም! ይኸው አበላሸህብኝ!»

ፎርማኑ ደንግጦ እጁን ወደ ኋላ ሸሸገ። «ይቅርታ ቲቸር» አለ ሳያስበው፣ እንደ ማንኛውም ተማሪ ቤት ያለፈ ሰው። እሷ ብሩሿን ነክራ ነጯን ነጥብ ደፈነቻት።

ፎርማኑ ድምፁን ለስለስ አድርጎ፣ «ዐይንዎ ግን ጎበዝ ነው። እዚህ ሆነው እታች ያለ ሰው ይለያሉ?» አላት።

መነጽሯን አወለቀች። «አይ ልጄ፣ ይሄ ለቅርቡ ነው። ሩቁንማ ዕድሜ ወሰደው። እኔ ተራራና ሰማይ ከለየሁ ይበቃኛል።» ስለ ሩቁ የተናገረችው ውሸት ነበር። እንዳረጀ ሰው ሁሉ ዐይኗ የጠፋው ለቅርቡ ነው፤ ለሩቁስ ጭልፊት ናት።

«የማን እንግዳ ነዎት?»

ብትዋሽ እስከ ማታ ይደርስበታል። ነገረችው። «እንግዲያማ ዘመድ ነን!» አለና ሸራውን ሳያስፈቅድ አነሣ። «ይቅደሙ፣ እኔ እሸከምልዎታለሁ።»

ቁልቁለቱን እሷ ፊት፣ እሱ ኋላ ሆነው ወረዱ። ሃያ ደቂቃ ነው መንገዱ። ከበስተግራ ገደል አለ። ጠጠር ከኋላዋ በተንኮሻኮሸ ቁጥር ጀርባዋ መሐል ላይ የእጅ መዳፍ የሚያርፍ ይመስላት ነበር። እሱ ስለ ዝናቡ፣ ስለ መንገዱ መበላሸት ያወራል፤ እሷ «እ... አዎ... ልክ ነህ» ትላለች። ወፍጮው ሲጮህ ስትሰማ ዕንባዋ መጣ።

ወንድሟ ዱቄት ለብሶ ወጣ። «ፎርማን! ግባ፣ ግባ፣ ሻይ አለ!» ሸራውን ተቀብሎ ግድግዳ ላይ አስደገፈና ወገቡን ይዞ አየው። ሁሉም ተቀመጡ፤ የወንድሟ ሚስት ሻይ ቀዳች። ከዚያ ወንድሟ፣ ያ ለቁም ነገር እንኳ ድምፁን ዝቅ ማድረግ የማያውቅ ወንድሟ፣ ጣቱን ቀሰረ።

«ይሄ ምንድነው? ቁጥቋጦ? መታጠፊያው ላይ? አርባ ዓመት ከብት ያጠጣሁበት ቦታ እኮ ነው፣ አንድ ሣር የለበትም! እኅቴ ምን ነካሽ፣ አንቺ እኮ ያላየሽውን ሥለሽ አታውቂም!»

ፎርማኑ ብርጭቆውን ከአፉ አወረደ። ቲቸር ሻይዋን ታማስል ጀመር።

የወንድሟ ሚስት የቲቸርን ፊት አየች። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየችው። ከዚያ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ፣

«አንተ ደግሞ!» አለች ባሏን። «ባለፈው ዓመት የሳሎኑን በር ቀለም ስቀይር በስድስተኛው ቀን ነው ልብ ያልከው። ዛሬ ቁጥቋጦ ቆጣሪ ሆንክ? ሻይህን ጠጣ።»

ፎርማኑ ሳቀ፤ ወንድሟም አፍሮ ሳቀ። ግን አፉን አልዘጋም። ሥዕሉ የት ክሊኒክ፣ የትኛው ሰፈር፣ የትኛው ግድግዳ ላይ እንደሚሰቀል አንድ በአንድ፣ በኩራት፣ እየጮኸ ነገረው። ፎርማኑ «ከተማ ስመጣ አየዋለሁ» ብሎ ተሰናበተ።

በማግስቱ ጠዋት አውቶቡስ ሲጠብቁ የወንድሟ ሚስት ብቻዋን ሸኘቻት። ሸራውን አብራ ይዛ ቆማ፣ ዐይኗን መንገዱ ላይ እንደተከለች፣ «ምን እንዳየሽ አልጠይቅሽም። አንቺም አትንገሪኝ። አንቺ ትሄጃለሽ፤ እኛ ግን ነዋሪ ነን» አለቻት። ቲቸር ራሷን ነቀነቀች።

ሥዕሉ ተሰቀለ። ሐኪሙ ወደደው፣ በሽተኛውም ወደደው። ቲቸር ግን እግሯ ወደ ክሊኒኩ አልሄድ አለ። ስልክ ሲጠራ ትደነግጣለች። ገበያ ስትሄድ ቀይ ነገር ባየች ቁጥር መንገድ ትቀይራለች። ለራሷ «ያየሁት እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ሌላም ያየ ሰው ይናገራል» ትላለች፤ መልሳ ደግሞ «ከሸንተረሩ በቀር አይታይም» ትላለች። በአውቶቡስ ማቆሚያው ግንብ ላይ የቀያሹ ፎቶ ተለጥፎ ነበር። ወጣት ነው። «ያያችሁ» ይላል ከሥሩ። ሁለት ቀን በዚያ አለፈች፤ በሦስተኛው ቀን በሌላ መንገድ ዞረች።

በሦስተኛው ሳምንት የክሊኒኩ ነርስ መንገድ ላይ አግኝታት፣ «ቲቸር፣ ሥዕልዎ አድናቂ አገኘ» አለቻት። «ትናንት አንድ ሰውዬ መጥቶ ሁለት ሰዓት ሙሉ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። ከዚያ ተነሥቶ በጣም ቀርቦ አየው፤ ነካም አደረገው። ተራው ደርሶ ስንጠራው ጥሎ ወጣ። እርስዎ የት እንደሚኖሩም ጠይቆኝ ነበር።»

«ነገርሽው?»

«አላውቅም አልኩት። ቀይ ኮፍያ ነገር ያደረገ ነው። ያውቁታል?»

ዝም ማለቷ እንዳላዳናት የገባት ያኔ ነው። ዝም ብላም እየመጣባት ነው። በቀጥታ ወደ ክሊኒኩ ሄደች። ምሳ ሰዓት ስለነበር ክፍሉ ባዶ ነው። ከነርሶቹ ጠረጴዛ ላይ ጥጥና አልኮል አነሣች። አክሪሊክ ከደረቀ በኋላ ውሃ አይነካውም፤ አልኮል ግን ያለሰልሰዋል። ቁጥቋጦውን ብቻ ልታነሣ፣ ከሥሩ ያሉትን ሦስት ሰዎች ልታወጣ፣ «ይኸው» ልትል ነው። ቀስ አድርጋ አሸችው። አረንጓዴው ለቀቀ። ከሥሩ ቀዩ ታየ፤ አንዴ ብቻ። ከዚያ እሱም ከጥጡ ጋር ተነሣ፣ መኪናዋም፣ ሁለቱም ሰዎች። ጥጡን ስታነሣ መታጠፊያው ላይ የቀረው የሸራው ባዶ ነጭ ነበር።

ሐኪሙ ከምሳ ሲመለስ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አገኛት።

«ምን ሆኑ? ደረትዎ ነው?»

«ሦስት ሰዎች ነበሩ» አለችው። «አሁን የሉም። ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።» ከዚያ ሁሉንም ነገረችው። ሰምቶ ሲጨርስ የክሊኒኩን በር ከውስጥ ቆለፈ፤ መኪናውን በጓሮ በኩል አወጣና ወደ መንደሩ ፖሊስ ሳይሆን ወደ ከተማው ዋና ፖሊስ መሥሪያ ቤት ይዟት ሄደ። መርማሪው «ማስረጃ አለዎት?» ሲላት ሥዕሉ አልተነሣም። «ዐይኔ ነው» አለች። ወንዙን፣ መታጠፊያውን፣ ሸንተረሩን በእርሳስ ነደፈችለትና ቦታውን በነጥብ ምልክት አደረገችበት።

በስምንተኛው ቀን ቆፈሩ። ቀያሹ ከነሰደሪያው እዚያው ነበር። ለካ ካባው ድንበሩን ሁለት መቶ ሜትር አልፎ መግባቱን ለክቶ ጨርሶ ኖሯል። ፎርማኑና ከሁለቱ አንደኛው ተያዙ። ሦስተኛው እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ወንድሟ ቤት ድንጋይ ተወረወረ፤ ካባው ሲዘጋ ሥራ ያጣው ሁሉ እህሉን ሌላ ወፍጮ ቤት ወሰደ። ወንድሟ ለአራት ወር አልደወለም። የቀያሹ ሚስት ግን ክሊኒኩ ድረስ መጣች። ባሏ የሚሠራበትን አገር አንድ ቀን ቤት ለቤት ስትዞር ከማየቷ በቀር አታውቀውም፤ መታጠፊያውንም በፖሊስ መሐል ሆና ነው ያየችው። ሥዕሉ ፊት ቆማ ነጩን ቦታ ረጅም ጊዜ አየች። «እርስዎ ባይወጡ ኖሮ እስካሁን መንገድ መንገድ አይ ነበር» አለች። «ሦስት ሳምንት ዝም ብያለሁ» አለቻት ቲቸር። «ይቅር በይኝ።» ሴትየዋ አዎም እምቢም አላለች፤ እጇን ብቻ ያዘቻትና አብረው ቆሙ።

ፍርድ ቤት ቀርባ መሰከረች። ፎርማኑ ከተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ያንኑ ሙሉ ፈገግታ አሳያት። ድምጿ ሁለት ጊዜ ተቆረጠ፤ ዳኛው ውሃ አስመጡላት፤ ጠጥታ ቀጠለች፤ እስከ መጨረሻው ተናገረች። ስትወጣ የወንድሟን ሚስት ኮሪደሩ ወንበር ላይ ብቻዋን ተቀምጣ አገኘቻት። ለብቻዋ ሦስት ሰዓት በአውቶቡስ መጥታለች።

«ነይ» አለቻት፣ ቦርሳዋን እየተቀበለች። «ቤትሽ ድረስ አብሬሽ እሄዳለሁ። ዛሬ ብቻሽን አታድሪም።»